ሳይነካኩ መቀባበል፦ ኢንደክሽንንና ትራንስፎርመርን በእጅ እየሞከሩ መረዳት

የአንድን ትራንስፎርመር (የኤሌክትሪክ ቮልቴጅን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ) ሁለት ጥምጥሞች በመልቲሜትር ብትፈትሹ በመካከላቸው ምንም መገናኛ አታገኙም። አንዱ ሽቦ ሌላውን የትም አይነካውም። ሆኖም በአንዱ በኩል የገባው ኃይል በሌላው በኩል ወጥቶ አምፖል ያበራል። እኔ ቀመሩን በቃሌ ይዤ ፈተና አልፌበታለሁ። ነገሩ የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሽቦ ጠምጥሜ የመለኪያው መርፌ ሲዘል በዓይኔ ያየሁ ቀን። ይህ መመሪያም በዚያው መንገድ ይሄዳል። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ሂሳብ።

አንድ ቃል ግን ከአሁኑ ያዙልኝ፦ ለውጥ። ማግኔት ስላለ ብቻ ኤሌክትሪክ አይገኝም። ማግኔቱ ሲለወጥ ነው የሚገኘው፤ ኢንደክሽን የሚባለውም ይኸው ነው። የትራንስፎርመር ድምፅም፣ ሙቀቱም፣ በባትሪ የማይሠራበት ምክንያትም ከዚህች ቃል ይመዘዛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በቫርኒሽ የተለበጠ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 40 ሜትር ያህል። ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ነው።
- ጠንካራ ማግኔት፣ እና ማግኔቱ እንደ ልብ የሚገባበት የፕላስቲክ ወይም የካርቶን ቱቦ (ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው)።
- 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ረዘም ያለ የብረት ብሎን።
- አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ናስትሮ።
- መልቲሜትር። መርፌ ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። ቁጥር የሚያሳየው ዓይነት በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያነብ ቅጽበታዊውን ዝላይ ሊያመልጠው ይችላል።

ከመጨረሻው ፍተሻ (ደረጃ 7) በስተቀር ሙከራዎቹ ከባትሪ ድንጋይ በላይ ምንም ኃይል አይፈልጉም። እቤት የጠመጠማችሁትን ጥቅል በምንም ምክንያት የግድግዳ ሶኬት ውስጥ አትክተቱ። ከአሮጌ ማይክሮዌቭ የወጣ ትራንስፎርመር ካገኛችሁ ደግሞ በጭራሽ አትንኩት። 2000 ቮልት አካባቢ ያወጣል፤ እየሞከሩበት የሞቱ ሰዎች አሉ።

ደረጃ 1፦ ጥቅሉን መሥራት

ሽቦውን በቱቦው ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ 300 ዙር ጠምጥሙ። 150ኛው ዙር ላይ ስትደርሱ ሽቦውን ሳትቆርጡ ትንሽ ቀለበት አድርጋችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ በኋላ ይጠቅመናል። መነሻውና መድረሻው ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ። ዙሮቹ እንዳይፈቱ በናስትሮ እሰሩ።

አሁን ጫፎቹንና የቀለበቱን አናት በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። ይህችን ነገር አትናቁ። ቫርኒሹ እንደ መዳቡ ስለሚያብረቀርቅ ሽቦው ራቁቱን ያለ ይመስላል። ሙከራው "አልሠራ አለ" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ቡናማው ቀለም ለቆ ደማቅ ሮዝማ መዳብ እስኪታይ ድረስ ዙሪያውን ፈትጉት። ከዚያ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉና ከጫፍ ጫፍ ለኩ። 6 ኦም አካባቢ ካነበባችሁ ተሳክቷል። ምንም ካላነበበ ፍተጋው ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ማግኔቱን ማስገባትና ማውጣት

መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ዲሲ (ዲሲ ማለት እንደ ባትሪ አቅጣጫውን የማይቀይር ኮረንት ነው) ላይ አድርጉና ሁለቱን ጫፎች አገናኙ። ማግኔቱን ቶሎ ብላችሁ ቱቦው ውስጥ አስገቡ። መርፌው ይዘላል። ማግኔቱን እዚያው ተዉት። መርፌው ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ እዚያም ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ብትጠብቁ ንቅንቅ አይልም። አሁን ማግኔቱን ሳቡት። መርፌው እንደገና ይዘላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ወደ ተቃራኒው።

እዚህ ደረጃ ላይ አትቸኩሉ፤ ደጋግሙት። በቀስታ አስገቡ፣ ከዚያ በፍጥነት። ማግኔቱን ገልብጡና አስገቡ። ማግኔቱን አስቀምጡና ቱቦውን በላዩ አንቀሳቅሱ። አንዱን ገመድ ወደ መሃሉ ቀለበት አዛውሩና በ150 ዙር ብቻ ሞክሩ፤ ዝላዩ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ያያችሁትን ካሰባሰባችሁት የፋራዴይ ሕግ በእጃችሁ ላይ ነው፦

ቮልቴጅ = የዙር ብዛት × (የማግኔታዊ ፍሰት ለውጥ ÷ የፈጀው ጊዜ)

ማግኔታዊ ፍሰት ማለት በጥቅሉ መሃል የሚያልፈው የማግኔት መስክ ጠቅላላ መጠን ነው፤ መለኪያው ዌበር ይባላል። በቁጥር እንየው። ትንሿ ማግኔታችን በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ 0.00002 ዌበር ታሳልፋለች እንበል። በ0.1 ሰከንድ ብትገባ፣ 0.00002 ÷ 0.1 × 300 ማለት 0.06 ቮልት፣ ወይም 60 ሚሊቮልት ነው። በእጥፍ ፍጥነት ብታስገቧት 120 ይሆናል።

ይህ ዛሬ ቀላል ይምሰል እንጂ ትላልቅ ሰዎች አምልጧቸዋል። የዴንማርኩ የፊዚክስ ሊቅ ኧርስቴድ በ1820 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮረንት ማግኔት እንደሚፈጥር ካሳየ በኋላ ብዙዎች የተገላቢጦሹን ይፈልጉ ነበር። የጄኔቫው ኮላዶን በ1825 ልክ እንደ እኛ ማግኔትና ጥቅል ይዞ ሞከረ። ማግኔቱ መለኪያውን እንዳይረብሽበት ብሎ ግን መለኪያውን ሌላ ክፍል አስቀመጠው። ማግኔቱን አስገብቶ መርፌውን ለማየት ሲሄድ መርፌው ተመልሶ ዜሮ ላይ ይጠብቀዋል። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ጥንቃቄው ነው የጎዳው። ሁሉም ሰው የሚፈልገው ቋሚ ኮረንት ነበር። መልሱ ግን በለውጡ ቅጽበት ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው። ማይክል ፋራዴይ ያንን ብልጭታ የያዘው ኦገስት 29 ቀን 1831 ለንደን ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪም በዚያው ዘመን ለብቻው ደርሶበታል።

ደረጃ 3፦ ተቃውሞውን ማየት

የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቧንቧ ካገኛችሁ ይህን ሳታዩ አትለፉ። ቧንቧውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ማግኔቱን ጎኑ ላይ አስጠጉት፤ አይጣበቅም፣ ምክንያቱም መዳብና አሉሚኒየም በማግኔት አይሳቡም። አሁን ማግኔቱን ከላይ ልቀቁት። አንድ ሜትር ቧንቧ ውስጥ ተራ ብረት ቢለቀቅ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ከታች ይወድቃል። ማግኔቱ ግን ይንሳፈፋል። ከላይ አጮልቃችሁ ብታዩት ግድግዳውን ሳይነካ ማር ውስጥ እንደገባ ነገር እየተጎተተ ሲወርድ ይታያችኋል።

እየወረደ ያለው ማግኔት በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚዞር ኮረንት ይፈጥራል። ያ ኮረንት በተራው የራሱን ማግኔት ይፈጥራል። አቅጣጫው ሁልጊዜ የፈጠረውን ለውጥ የሚቃወም ነው። ሄንሪክ ሌንዝ በ1834 ያስቀመጠው ሕግ ይህ ነው። ባይቃወም ኖሮ፣ ይልቁንም ቢያግዘው፣ ማግኔቱ ያለ ምንም ወጪ እየፈጠነ ይሄድ ነበር። ኃይል ከባዶ አይመጣም። ይህን ተቃውሞ አስታውሱት፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ስንደርስ ዋናውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ማግኔቱን በሽቦ መተካት

ብሎኑን በናስትሮ ጠቅልሉት፤ ጥርሱ ቫርኒሹን እንዳይልጠው። በላዩ 100 ዙር ጠምጥሙ። ይህ ፕራይመሪ፣ ኃይል የሚገባበት ጥምጥም ነው። በናስትሮ ሸፍኑትና ከላዩ ሌላ 300 ዙር ጠምጥሙ። ይህ ሰከንደሪ፣ ኃይል የሚወጣበት ጥምጥም ነው። አራቱንም ጫፎች ፈትጉ። ሰከንደሪውን ከመለኪያው ጋር አገናኙ።

የፕራይመሪውን ጫፎች ባትሪ ድንጋዩ ላይ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። መርፌው ይዘላል። ጫፎቹን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብታቆዩአቸው መርፌው ዜሮ ላይ ይቀመጣል፣ ኮረንቱ በፕራይመሪው ውስጥ እየሄደ እያለም። ስታላቅቁ ወደ ሌላው ጎን ይዘላል። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ ሽቦው 2 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ባትሪውም ሽቦውም ይሞቃሉ። ስታላቅቁ ባዶውን ጫፍ በጣታችሁ አትንኩ።

ልብ በሉ፣ እዚህ ምንም የተንቀሳቀሰ ማግኔት የለም። የተለወጠው ኮረንቱ ነው። ፋራዴይ ያን ቀን የሠራው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። የእሱ ብረት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀለበት ነበር። በቫርኒሽ የተለበጠ ሽቦ ስላልነበረው ዙሮቹን በሲባጎና በጨርቅ እየለየ ነው የጠመጠመው። በዓለም የመጀመሪያው ትራንስፎርመር ያ ቀለበት ነው ቢባል አልተጋነነም።

እንግዲህ ባትሪውን ማገናኘትና ማላቀቅ ሳይሰለቻችሁ በሰከንድ 50 ጊዜ ብትደጋግሙትስ? ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የሚቀያይር ኮረንት፣ የሚያደርገው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። 50 ኸርዝ ያለው ኤሲ በሰከንድ 50 ሙሉ ዑደት ስለሚያደርግ አቅጣጫውን 100 ጊዜ ይቀያይራል። ብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔትም ያለ ዕረፍት ይለዋወጣል። ሰከንደሪው ላይም ያለ ዕረፍት ቮልቴጅ ይገኛል። (የቤንዚን መኪና ኢግኒሽን ኮይል ከ12 ቮልት ባትሪ ተነስቶ ሻማው ላይ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ የሚያወጣውም በዚሁ ነው። ዲሲውን በድንገት ይቆርጠዋል፤ ለውጡ እጅግ ፈጣን ስለሆነ ዝላዩም እጅግ ትልቅ ነው።)

ደረጃ 5፦ ሂሳቡ

ብሎናችን ጫፍና ጫፉ ክፍት ስለሆነ የማግኔት መስኩ ወደ አየር ይበተናል። እውነተኛ ትራንስፎርመር ላይ ብረቱ ዙሩን ይዘጋል። ፕራይመሪው የፈጠረው ፍሰት ከሞላ ጎደል ሁሉም በሰከንደሪው መሃል ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር፣ የየትኛውም ጥምጥም ይሁን፣ እኩል ቮልቴጅ ይደርሰዋል። የታወቀው ቀመር ከዚህ ይወጣል፤ የቮልቴጆቹ ውድር የዙሮቹ ውድር ነው።

አንድ ዙር ስንት ቮልት ይደርሰዋል? በኤሲ እንዲህ ይሰላል፦ 4.44 × ድግግሞሽ በኸርዝ × የማግኔት መስኩ ጥንካሬ በቴስላ × የኮሩ (ጥምጥሞቹ የሚጠመጠሙበት ብረት) ስፋት በካሬ ሜትር። በሲሊከን ብረት የተሠራ፣ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮር እንውሰድ። መስኩን 1.2 ቴስላ ላይ እንገድበው። 4.44 × 50 × 1.2 × 0.0006 ማለት 0.16 ቮልት ነው። 220 ቮልት ለመሸከም 1375 ዙር ያስፈልጋል። 12 ቮልት ለማውጣት 75 ዙር። ሽቦው ራሱ ጥቂት ስለሚበላ ጠምጣሚዎች 80 ያደርጉታል።

ኃይሉ ግን አይባዛም። 12 ቮልት ላይ 2 አምፔር ብትስቡ 24 ዋት ነው። ብክነቱን ትተን፣ በ220 ቮልቱ በኩል የሚገባው 24 ÷ 220፣ ማለትም 0.11 አምፔር ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮረንት ይጨምራል። ለዚህ ነው የሰከንደሪው ሽቦ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፕራይመሪው 0.25 ሚሊ ሜትር የሚበቃው።

ያው ሂሳብ ረጅም መስመር ላይ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። 100 ኪሎዋት ኃይል 2 ኦም ባለው መስመር እንላክ። በ1000 ቮልት ከላክነው 100 አምፔር ይሄዳል፤ ብክነቱ ኮረንት በራሱ ተባዝቶ በ2 ኦም ሲባዛ 20 ኪሎዋት ነው። አንድ አምስተኛው መንገድ ላይ ቀረ። በ10 ሺህ ቮልት ብንልከው ኮረንቱ 10 አምፔር ብቻ ይሆናል። ብክነቱ 200 ዋት። በ1885 የቡዳፔስቶቹ ዚፐርኖቭስኪ፣ ብላቲና ዴሪ ዝግ ኮር ያለውን ትራንስፎርመር ሲያቀርቡ ኤሲ የዓለምን መስመር እንዲይዝ መንገድ የከፈተው ይህ ልዩነት ነው።

ደረጃ 6፦ ፕራይመሪው እንዴት "ያውቃል"?

ለእኔ የጉዳዩ ውበት ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ይታለፋል። ሰከንደሪው ላይ አምፖል ስትጨምሩ ፕራይመሪው ተጨማሪ ኮረንት ይስባል። በመካከላቸው ሽቦ የለም። ማን ነገረው?

መጀመሪያ ሰከንደሪው ባዶ እያለ እንይ። የፕራይመሪው ሽቦ 50 ኦም ነው እንበል። በተራ ሂሳብ 220 ÷ 50፣ 4.4 አምፔር መሳብ ነበረበት። በተግባር ግን በሚሊአምፔር የሚቆጠር ነው የሚስበው። ምክንያቱም በኮሩ ውስጥ የሚለዋወጠው ፍሰት ፕራይመሪው ራሱ ላይም ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ አቅጣጫውም እንደ ሌንዝ ሕግ የመጣውን የሚቃወም ነው። 220 ሲገፋ ወደ 220 የሚጠጋ መልሶ ይገፋዋል። ሁለቱ ተፋጠው ይቆማሉ ማለት ይቻላል።

አሁን አምፖሉን እናብራ። ሰከንደሪው ውስጥ ኮረንት ይሄዳል። ይህ ኮረንት የፈጠረውን ፍሰት ይቃወማል፣ ልክ ቧንቧው ማግኔቱን እንደተቃወመው። ስለዚህ በኮሩ ውስጥ ያለው ፍሰት በጥቂቱ ይቀንሳል። ፍሰቱ ሲቀንስ ፕራይመሪውን መልሶ የሚገፋው ቮልቴጅም ይቀንሳል። ፍጥጫው ይላላል፤ ከመስመሩ ተጨማሪ ኮረንት ይገባል። የገባው ኮረንት ፍሰቱን ወደነበረበት ይመልሰዋል። ያኔ ይቆማል። ምንም ተቆጣጣሪ መሣሪያ የለም፣ የሚንቀሳቀስ ነገርም የለም። መልእክቱ የሚተላለፈው በብረቱ ውስጥ ባለው ማግኔት ነው።

ይህ ከገባችሁ የዲሲው ወጥመድም ይገባችኋል። ያንኑ ፕራይመሪ 220 ቮልት ዲሲ ላይ ብታገናኙት ለውጥ የለም። ለውጥ ከሌለ መልሶ የሚገፋ የለም። 4.4 አምፔሩ በሙሉ ይገባል፤ ወደ 1000 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በቀጭን ሽቦ ላይ። ፊውዝ ካልቀደመው ይቃጠላል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ የሚግለውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ለውጡ ስለዘገየ ያንኑ ቮልቴጅ ለመመለስ ፍሰቱ በ20 በመቶ መጨመር አለበት። ብረቱ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ አይሸከምም።

በተቃራኒው ድግግሞሹ ሲጨምር ኮሩ ያንሳል። አውሮፕላኖች 400 ኸርዝ የሚጠቀሙት ክብደት ለመቀነስ ነው። የስልክ ቻርጀር ውስጥ ያለችው ትራንስፎርመር የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለው በአሥር ሺዎች ኸርዝና ከዚያም በላይ ስለምትሠራ ነው።

ብክነቱ የት ይሄዳል?

ከፊሉ በመዳቡ ሙቀት ይወጣል። ከፊሉ በብረቱ ውስጥ ነው። ብረትም ኮረንት ያስተላልፋልና፣ ፍሰቱ ሲለዋወጥ በራሱ በኮሩ ውስጥ የሚሽከረከር ኮረንት ይፈጠራል። ማግኔቱን ቧንቧው ውስጥ ያዘገየው ያው ነው። ኮሩ አንድ ወጥ ብረት ቢሆን እንደ ምድጃ ይግል ነበር። ስለዚህ ከ0.35 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ከሚሆኑ ስስ ላሜራዎች ይደረደራል፤ እያንዳንዱም ከጎረቤቱ በስስ ልባጥ ይለያል። ብረቱ አቅጣጫውን ሲቀያይር የሚጠፋም ኃይል አለ፤ ሲሊከን የሚጨመርበት አንዱ ምክንያት እሱን ለመቀነስ ነው። እንዲህም ሆኖ ትላልቆቹ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነውን ኃይል ያስተላልፋሉ።

ያ የምትሰሙት "ምምም" የሚል ድምፅ ደግሞ ብረቱ በማግኔት ሲያዝ በዓይን በማይታይ መጠን ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ድምፁ 100 ኸርዝ ነው፤ በአንድ ዑደት ሁለቴ ይለጠጣልና።

ደረጃ 7፦ ያልታወቀ ትራንስፎርመር መፈተሽ

ከማንኛውም መስመር የተነቀለ መሆኑን አረጋግጡ። መጀመሪያ ሽቦዎቹን እዩ፤ ወፍራሙ ዝቅተኛው ቮልቴጅ ያለበት ወገን ነው። ከዚያ ኦም ለኩ። በትንንሾቹ ላይ ባለ 220 ቮልቱ ጥምጥም ከአሥር እስከ መቶዎች ኦም ያነባል፤ ባለ 12 ቮልቱ ጥቂት ኦም ወይም ከዚያ በታች። ምንም የማያነብ ጥምጥም ተቆርጧል።

ቀጥላችሁ ከፕራይመሪ ወደ ሰከንደሪ፣ ከእያንዳንዳቸውም ወደ ብረቱ ለኩ። ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ወይ ሽፋኑ ተበላሽቷል፣ ወይ አንድ ጥምጥም ብቻ ያለው አውቶ ትራንስፎርመር ነው። አውቶ ትራንስፎርመር ከመስመሩ አይለያችሁም፤ መውጫው ላይ ያለው ቮልቴጅ ትንሽ ቢሆንም ሊገድል ይችላል።

ውድሩን ለማወቅ ደግሞ ሌላ፣ ጤናማ መሆኑ የተረጋገጠ፣ 12 ቮልት ኤሲ የሚያወጣ ትራንስፎርመር ተጠቀሙ። ያንን 12 ቮልት ለማታውቁት ትራንስፎርመር ባለ ቀጭን ሽቦ ወገን ስጡት። በስህተት ለወፍራሙ ወገን ከሰጣችሁት ሌላው ጫፍ ላይ 220 ቮልት ሊመጣ ይችላልና ከማገናኘታችሁ በፊት ደግማችሁ እዩ። መውጫውን በኤሲ ቮልት ለኩ። 0.65 አካባቢ ካነበበ፣ 12 ÷ 0.65 ከ18 ትንሽ ይበልጣል። 220ን ለዚያ ስታካፍሉት 12 ቮልት ይመጣል። መለያው የተፋቀውን ትራንስፎርመር የግድግዳውን ሶኬት ሳታሳዩት ስንት ቮልት እንደሚያወጣ አወቃችሁ ማለት ነው።